በላሞቼ ስም ስለተመዘገበው የቆሻሻ ጋዝ

ለተከበሩ የአየር ልቀት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጋምቤላ

ክቡርነትዎ፣ ባሮ ዳር ያለው ዛፍ እንኳ ጥላ በሚመኝበት በዚህ ሙቀት እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ኤርኮንዲሽነር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጋትቤል እባላለሁ፤ ከከተማው ጫፍ ከብት የማረባ ትሑት አድናቂዎ ነኝ።

በቅርቡ በስብሰባ ላይ ባሰሙት ሪፖርት፣ የሚቴን ጋዝ ከቆሻሻ ዘርፍ በሚያስደስት ሁኔታ ቀንሶ ከእንስሳት ዘርፍ በሚያስደነግጥ ሁኔታ መጨመሩን ሰምተናል። ለድሉ እያመሰገንኩ ጥቂት ቅሬታዎቼን እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ቆሻሻው የቀነሰው ከቢሮዎ ጀርባ ተነሥቶ ከበረቴ አጠገብ ስለተደፋ ነው። ጎረቤት ስለሰጡን እናመሰግናለን።

2ኛ. መለኪያ ይዞ የመጣው ባለሙያዎ የላሞቼን ቀንድ አይቶ መቅረብ ስለፈራ፣ ከቆሻሻው ክምር ላይ ቆሞ ለካና ውጤቱን «የከብት» ብሎ መዘገበ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። የበሰበሰው የከተማው ትራፊ ሁሉ አሁን ላሞቼ ያገሱት ሆኗል።

3ኛ. በዚሁ ልኬት መነሻ ከብታችንን በግማሽ እንድንቀንስና ዶሮ እንድናረባ አዘዋል። ልጄ ሆት፣ ኛማል የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ የጥሎሽ ከብት ለሙሽራይቱ አባት ብቻ ሳይሆን ለአጎቶቿና ለአክስቶቿም በየድርሻቸው ይደርሳል። ግማሹን ብሰጥ ልጄ ግማሽ ባል ይሆናል ማለት ነው? ሆት ማታ ማታ በረት ገብቶ ለጥሎሽ ያሰብናቸውን ከብቶች ደጋግሞ ይቆጥራል፤ እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከብቶቼን ወደ ሌላ ግጦሽ እነዳለሁ፤ ባለሙያዎ ያለ ስጋት መጥቶ ባዶውን በረት ይለካ። ጋዙ እንዳለ ከተገኘ፣ በግማሽ የሚቀነሰው ቆሻሻው ይሁንልን።

ለቆሻሻ ያሳዩትን ርኅራኄ ለከብትም እንዳይነፍጉ በመማጸን፣ ነፋሱ ወደ ቢሮዎ በዞረ ቁጥር የማስታውስዎ፣

ጋትቤል፣ የሆት አባት

ማስታወሻ፦ የኛማል አጎቶች ድርሻቸውን ማን እንዳስቀረባቸው ሲጠይቁኝ መዋሸት ስለማልወድ የቢሮዎን በር አሳይቻቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ፤ አክስቶቿም ስለማይቀሩ ወንበር ቢበዛ መልካም ነው። የዶሮውን ሐሳብ ግን እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ እኔ አልደፈርኩም።