ቀስቱን በጦር የለወጥኩ ዕለት

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለጽናት ወልደ ጻድቅ፣ ቤሩት።

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? አሠሪዎችሽ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳይከለክሉሽ ትሄጃለሽ ወይ? ገብሱም በጎቹም ደኅና ናቸው፤ እኛ ግን እንዳለን አለን። ይህን ደብዳቤ እዚያው ቤሩት የምትሠራው ጌታነሽ የምትሰጥሽ የአገራችንን ሴቶች ሰብስባ መርዶሽን ከነገረችሽ በኋላ ነው። እንዲያ ብለን ነው ያዘዝናት። ካልነገረችሽ ግን እባክሽ ወረቀቱን አጥፈሽ አስቀምጪና እሷን ጥሪያት። ብቻሽን ሆነሽ እንድታነቢው አልፈልግም።

ወንድማችን ትዕዛዙ ያረፈው በጥቅምት፣ በሚካኤል ማግሥት ነው። ጠዋት ፀሐይ ይሙቅ ብለን ከደጅ አውጥተነው፣ ራሱን እምዬ ትከሻ ላይ እንዳስደገፈ ሄደ። ልቡ እንደፈራነው ብዙ አላስጨነቀችውም። አባ ኪዳነ ወልድ በዋዜማው አቁርበውት ነበር። ያኔ ኔትወርክ ተዘግቶ ስለነበር ዝምታችን አላጠራጠረሽም። አባባ «በሰው አገር ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ? በሰኔ ኮንትራቷ ሲያልቅ እዚሁ ከሰው መካከል ትስማው» አሉ። ዘመድ ሁሉ ተስማማ፤ እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አርባውን ያለ አንቺ ባወጣንበት ሰሞን ኔትወርኩ ተለቀቀ። የላክሽለት ስልክ እምዬ ትራስ ሥር ሆኖ ጮኸ። «የት ጠፋህ? እሑድ ድልድዩ ጋ እጠብቅሃለሁ» ይላል። ድልድዩ ሁለታችሁ በስልክ በምትጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ያለው የድንጋይ ድልድይ መሆኑን ከቤቱ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳይ ከርሜያለሁና። ትንፋሹ ስለሚያጥረው ከመነጋገር መጻጻፉን ከመረጣችሁ ቆይታችኋል፤ ድምፁን የሚጠይቅ አልነበረም። እምዬ ስልኩን እንደታቀፈች «መጣሁ በላት» አለችኝ። በእሑዱ ኔትወርክ አጥርቶ ወደሚይዘው፣ ከሞላሌ ገበያ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጥቼ በትዕዛዙ ስም ገባሁ። እታለም፣ ከዚያ ወዲህ ከኋላሽ የቆመው እኔ ነበርኩ።

ለእረፍት መጥተሽ መሣሪያ የመረጣችሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ጨዋታው ሲጀመር ሰይፍ፣ ጦር፣ ቀስት፣ መጥረቢያ፣ የፈዋሽ በትር ደርድሮ አንዱን ያስመርጣል። አባባ ከምድጃው ማዶ ሆነው፣ የምር ዘመቻ እንዳለ ሁሉ «ጦር ይሻላል፤ የመንዝ ሰው መቼ ቀስት ይዞ ያውቃል?» አሉ። ትዕዛዙ ሳቀባቸው። «ጦር እኮ ሮጦ ለሚወጋ ነው አባባ። ቀስተኛ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል» አላቸው። አቀበት መውጣት ካቃተው ዓመት አልፎት ነበር። ላንቺ ጋሻና አጭር ሰይፍ መረጠልሽ። «እታለም ድሮም ከፊት ናት፣ እኔ ከኋላ እጠብቃታለሁ» ነበር ያለው። ሌላው ሰው የሚያምርበትን ይመርጣል፤ እሱ የመረጠው አቅሙ የሚችለውን ነው።

ቀስቱ ለእኔ አልታዘዝ አለ። እሱ የምትዋጉት ዘንዶ አንገቱን እስኪያዞር በትዕግሥት ጠብቆ ነበር የሚለቀው። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ድፎው ሳይበስል የምቆርስ ሰው ነኝ። የምለቀው ሁሉ ድንጋይ ይመታል፤ አንዴማ አንቺኑ ጀርባሽን ወጋሁሽ። «ምነው እጅህ ዛሬ?» አልሽኝ። አንቺ ከፊት ስትደበደቢ ከኋላ ሆኜ ማየቱ አንጀቴን በላው፤ ጨዋታ መሆኑን እስክረሳ ድረስ። ስለዚህ በጥምቀት ሰሞን መሣሪያ ልለውጥ ወደ አንጥረኛው ሄድኩ። ሰይፍ እንዳልይዝ የትዕዛዙ ቀስተኛ ቀጭን ነው፣ ጋሻም የለው፣ በቅርብ ቢገጥም አይቆምም። መጥረቢያው ከባድ ነው፤ ተሰንዝሮ እስኪመለስ ጠላት ይቀድማል። የፈዋሹን በትር ላነሣ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ማንን አድኜ ነው እሱን የምይዘው? በመጨረሻ የአባባ ነገር ትዝ አለኝና ጦሩን ያዝኩ። ረጅም ነው፣ በትከሻሽ ላይ አልፎ ይወጋል፣ ብዙ ማነጣጠርም አይፈልግም። ለእኔ ዓይነቱ ጥሩ ምርጫ ነበር፤ ያጋለጠኝም እሱው ነው።

«ቀስትህስ?» ብለሽ ጻፍሽ። «ክንዴን አደከመኝ» አልኩሽ። ከዚያ «እሺ፣ ከኋላዬ ሁን» አልሽና መንገድ ጀመርሽ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ትንፋሹ ጠይቀሽኝ አታውቂም። መድኃኒቱን ዋጠ ወይ፣ ጠበል ሄደ ወይ ማለቱ ሁሉ ቀረ። እኔ ሞኙ ከመዋሸት ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ዐቢይ ጾሙን ሙሉ ጋሻሽን ይዘሽ ከፊቴ ሄድሽ፤ ስሳሳት ተመልሰሽ ትሸፍኚኝ ነበር።

የሆሳዕና ዕለት ከሰዓት ጥሩር የሚሉትን የብረት ልብስ ልገዛ ፈልጌ ቀስቱን ከከረጢቱ አውጥቼ ለነጋዴው ሳቀርብ አየሽኝ። «አወቀ፣ የእሱን ቀስት አትሽጠው» ብለሽ ጻፍሽ።

ስሜን ሳይ እዚያው ጉብታው ላይ ተቀመጥኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ላንቺ ግን ጦሩን ያየሽ ዕለት ጠርቶልሽ ኖሯል። እኛ እንዳትሰሚ ስንደብቅሽ፣ አንቺ ደግሞ መስማትሽን ትደብቂን ነበር። ቀን የሰው ቤት እየጠረግሽ፣ እሑድ እኔን ከዘንዶ እየጠበቅሽ፣ መቼ ነው ያለቀስሽው? ቤት ገብቼ ለአባባ ስነግራቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን ብቻዋን አስለቀስናት» አሉ። በፋሲካ፣ ጌታነሽ ከቤሩት እናቷን ልትጠይቅ ዘመሮ መምጣቷን የሰሙ ቀን ተነሥተው በእግራቸው ሄዱ፤ አደራውን ከአባ ኪዳነ ወልድ ጋር ሆነው ሰጧት።

ቀስቱን አልሸጥኩትም። ለትዕዛዙ መልሼ አስይዤው፣ ድልድዩ ጋ ፊቱን ወደምትመጪበት መንገድ አዙሬ ትቼዋለሁ። ጨዋታው ሰውን ካቆሙት ቦታ ያቆየዋልና ስትፈልጊ ሄደሽ እይው። እኔ ከእንግዲህ አልነካውም።

እምዬ ይህን ጻፍልኝ ብላለች፤ «ልጄ ሳትኖር የተለቀሰ ለቅሶ ግማሽ ነው።» ጌታነሽ ከቅዳሴ በኋላ የምትነግርሽን እሑድ ቆርጠን ተቀጣጥረናል። በዚያው ሰዓት እኛም እዚህ እንደገና ለቅሶ እንቀመጣለን፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተነግሮታል። ይህን ስታነቢ ደጃችን ሰው ሞልቶበታል፣ እምዬም ስምሽን እየጠራች እያለቀሰች ነው። ጋሻውን አውርጂውና አልቅሺ፣ እታለም።

አባባ ይቅር በይኝ ልጄ ይሉሻል፤ ጉንጭሽንም ይስማሉ። እምዬ እንደ ናፈቀችሽ ናት። ታናሻችን የምሥራች ሰላም ትልሻለች፤ የትዕዛዙን ጋቢ ለብሳ ትተኛለች፣ ተይ ያላት የለም። አባ ኪዳነ ወልድ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለዋል። በትዕዛዙ ስም ስንት እሑድ ሰላም ስልሽ ከረምኩ፤ የዛሬው ሰላምታ የራሴ ብቻ ነው።

ወንድምሽ አወቀ ወልደ ጻድቅ
ሞላሌ፣ መንዝ
ሚያዝያ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.