አውታሩን የረሱ ጣቶች

ጥቅምት 4

ሥራ ዋልኩ። ስልሳ መጽሐፍ ጠረዝን። ሁለት ወረቀት አንድ መስሎኝ አብሬ አጣበቅኩ። ሁለት ጊዜ! ፎርማኑ «ዛሬ ደግሞ ሐሳብሽ የት ሄዷል?» አለኝ። ስቄ አለፍኩት።

ከሥራ በኋላ የቀስት ክበብ። ለአዲሶቹ የጣት አያያዝ አሳየሁ። ሌባ ጣት ከቀስቱ ጭራ በላይ፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ከታች። የደጋኑ አውታር የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይረፍ። ጫፍ ላይ ከሆነ ያመልጣል፣ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ አልለቅም ይላል። ይህን ማለት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ታላቅ እህቴ እትዬ «በእንቅልፍሽም ትይዋለሽ» ትለኛለች። ብርድ ነው፣ ጣቴ ደንዝዟል። በቃኝ ለዛሬ።

ጥቅምት 9

ብርዱ አይደለም። ጠዋት እጄን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ሦስቱ ጣቶች ምንም አላወቁም። አውራ ጣትና ትንሿ ብቻ ናቸው ሙቀቱን ያወቁት። እትዬ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየታጠብኩ።»

«ሩብ ሰዓት ሙሉ? ምን ነክተሽ ነው?»

ምን እንደነካሁማ አላውቅም… ችግሩ እሱ አይደል?

ጥቅምት 12

አውታሩ ጣቴ ላይ የት እንዳረፈ በዓይኔ ካላየሁ አላውቅም። ጣቴን ሳይ ኢላማው ይጠፋል። ኢላማውን ሳይ ጣቴ ይጠፋል። ከሃያ ቀስት ስድስት ብቻ ገቡ። ለተማሪዎቹ «ንፋሱ ነው» አልኩ። ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ሹፌሩ፣ ዛፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀስቶቹን ሊለቅም ሄደ። ጨዋ ሰው ነው።

ጥቅምት 21

ሐኪም ቤት። «ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ስወጋዎት ይንገሩኝ» አለ ሐኪሙ። ጠበቅኩ። «ገና አልጀመሩም እንዴ?» አልኩት። ዓይኔን ስገልጥ ሌባ ጣቴ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ።

«ስንት ዓመት ነው ደጋን የሚስቡት?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ነርቩ ተጨፍልቋል። ካሁን በኋላ በነዚህ ሦስት ጣቶች እንዳይስቡ። ቢያሳርፏቸውም ይመለሳሉ ብዬ ቃል አልገባም።»

ሌባ ጣት ይሏታል፣ እሷው ተሰርቃ ቀረች። ቀልዱን ለእትዬ አልነገርኳትም። ምንም አልነገርኳትም።

ደጋን ካልሳብኩ ምንድን ነኝ? መተዳደሪያዬ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን እናታችን የሞተች ጊዜ ሦስት ወር አልጋ ላይ ስወድቅ ያስነሳኝ እሱ ነው። ሌላ የሚያስነሳኝ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ልተወው? አልተወውም። ሐኪሙን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬዋለሁ!

ኅዳር 2

ልጽፈው አልቻልኩም።

ኅዳር 3

ልጻፈው።

ትናንት ሜዳው ላይ ፋርማሲስቷ «አውታሩ ያመልጠኛል፣ ጣቴን የት ላድርግ?» አለችኝ። ጎበዝ ተማሪ ናት። ቀስት ደግኜ፣ አውታሩን እስከ ግማሽ ሳብኩና ወደሷ ዞርኩ። «አየሽ? እንዲህ ነው።» ደግኖ ወደ ሰው መዞር! በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ክልክል ነው። ምን ነካኝ? … ምን እንደነካኝ አውቃለሁ። ጣቶቼ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን ከፊቷ ላነብ ፈልጌ ነው። ራሴ ማወቅ ስላልቻልኩ እሷ እንድታይልኝ።

አመለጠ። መልቀቄ አልተሰማኝም፣ ድምፁን ነው የሰማሁት። ቀስቷ ከእግሯ አንድ ስንዝር ርቃ መሬት ላይ ተተከለች። ሹፌሩ «ኧረ በፈጠረሽ!» አለ። ፋርማሲስቷ ፈገግ ልትል ሞከረች።

«ምንም አልሆንኩም፣ አሰልጣኝ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። አንድ ስንዝር… ልጆች አሏት እኮ።

ኅዳር 5

ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ሦስቱን ጣቶቼን በእጇ ይዛ ቁጭ አለች። እጇ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላወቅኩም። ያኔ አለቀስኩ።

«ይሄኛውስ?» አውራ ጣቴን ቆነጠጠችው።

«ኧረ! ያማል!»

«ታዲያ በሱ አይሳብም?»

ይሳባል። በሱ የሚስብ ሰው አውቃለሁ። በሱ የሚስብ ሰው አባርሬያለሁ።

ኅዳር 6

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አዲስ የገባ ወጣት ነበር። ቀስቱን በደጋኑ ቀኝ በኩል አስቀመጠ፣ አውራ ጣቱን አውታሩ ላይ አጠፈና በሌባ ጣቱ ቆለፈው። «አያቴ ነው ያስተማረኝ» አለ፣ ደስ ብሎት። እኔ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት…

«አውራ ጣትህ ቅማል መግደያ ነው ወይስ ቀስት መወርወሪያ?»

ተሳቀ። ሲስቁ ደስ አለኝ። ይሄን አልክድም፣ ደስ አለኝ። ልጁ ደጋኑን ይዞ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። እኛም «አውራ ጣት» የሚል ስም አወጣንለት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ ጎሚስታ ነው። በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ። ጥፋት ከሌለብኝ ለምንድን ነው የምቀይረው?

ኅዳር 11

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሄድኩ። የጭነት መኪና ጎማ እየፈታ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው፣ ተነፈሰብዎት?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ጣቴን፣ ሐኪሙን፣ ፋርማሲስቷን… ሁሉንም ነገርኩት። ጎማውን በመዶሻ ይደበድባል። «አስተምረኝ» አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠ።

«ያን ቀን አያቴ የሜዳው አጥር ጋ ቆሞ ነበር።»

«የቱን ቀን?»

«የቅማሉን ቀን ነዋ። ልጄን ልየው ብሎ ሳይነግረኝ መጥቶ። ሳቁን ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ደጋን የሚባል በእጁ አልነካም፣ እኔንም አላስነካኝ። በሁለተኛው ዓመት ሞተ።»

«አላወቅኩም…»

«አያውቁማ። እስቲ ይሂዱልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም ይባላል። እኔ እኮ አልረሳሁም። የከፋው እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ጥሩ ቀልድ ይዤው ነበር፤ ለስንቱ እያወራሁ አስቄበታለሁ።

ኅዳር 12

አልተነሳሁም። እትዬ ለፎርማኑ ደውላ «ጉንፋን ነው» አለች። መዋሸት የማትችል ሴት! ፎርማኑም የገባው ይመስለኛል።

ኅዳር 14

አውታሩን ከደጋኑ ላይ አወለቅኩት። እንዲያ ሲሆን ተራ ዱላ ነው። እትዬ አየችኝና «ምግብ ብዪ» አለች። አልበላሁም። ምን ልሁን ብዬ ነው የምበላው?

ኅዳር 17

ተመልሼ ሄድኩ። ልማር ብዬ አልነበረም፤ ያ ሰው አጥር ሥር ቆሞ እየታየኝ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩት።

«አያትህን ያዋረድኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን ይቅርታ ልጠይቅ አልችልም፣ አንተን ልጠይቅ መጣሁ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

«እዚህ ማን ሰማዎት?» አለ ከኋላዬ። «እኔና ይሄ ጎማ!»

ቆምኩ።

«ያኔ የሰማው ሰው ብዙ ነበር» አለ።

«ገባኝ።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ። እዚያው ሜዳው ላይ።»

ኅዳር 19

ሁሉም ነበሩ። ፋርማሲስቷም መጥታለች፤ ትቀራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በመጀመሪያ የክበቡ ሊቀመንበር ባለበት አሰልጣኝነቱን መልቀቄን ተናገርኩ። ከዚያ ያን ቀን ያልኩትን፣ ቃል በቃል፣ ቅማሉን ጭምር። ሽማግሌው አጥሩ ጋ ቆመው እንደነበርም። እንደምንም ጨረስኩት። ማንም አልሳቀም። ጎሚስታው መሬት መሬቱን ያያል።

ከዚያ ቀርቦ «ይቁሙ» አለኝ። ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ላስቲክ አውራ ጣቴ ላይ ጠቀለለልኝ። አሥር እርምጃ፣ የጀማሪ ኢላማ። ቀስቷን አስቀመጥኩ፣ ወደቀች። ደግሜ አስቀመጥኩ፣ ወደቀች። ሹፌሩ ነው ቀስ ብሎ የነገረኝ።

«አሰልጣኝ… በግራ በኩል አደረጓት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በግራ! በሦስት ጣት ሲሳብ በግራ ነው፣ በአውራ ጣት ሲሳብ በቀኝ። አውቀዋለሁ እኮ። እጄ ነው እንጂ የማያውቀው።

«በቀኝ» አለ እሱ። «አውራ ጣትዎን ይጠፉት። ሌባ ጣት አትስብም፣ ከላይ ትቆልፋለች እንጂ። ትከሻዎን ይልቀቁት… አያቴ ትከሻህ አይኩራ ይል ነበር።»

ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ቀስቷ ከኢላማው በላይ አልፋ ሳር ውስጥ ጠፋች። «ሌላ» አለ። አሥራ ሰባት ወረወርኩ። አንዷም አልነካች። ተማሪዎቼ ቀስቶቹን ከሳር ውስጥ እየለቀሙ አመጡልኝ።

ይቅር ብያለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ሊሄድ ሲል «የሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ» አለ። ለኔ ይበል ለሌሎቹ አልለየሁም።

ቤት ገብቼ ላስቲኩን ፈታሁት። አውራ ጣቴ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ጥፍሩ ሥር ይለበልበኛል፣ አንጓው ላይ ይጠዘጥዘኛል። እየጻፍኩ እንኳ እስክሪብቶው ሲነካው እዘላለሁ። እትዬ ቅባት ይዛ መጣች።

«አምጪው ልቀባሽ።»

«አይ… ተይው። እያመመኝ ይቆይ።»