የጋሼ ወርቅነህ ሱቅ የጠፋበት ሳምንት

ሰኞ

አሁንም አይከፈትም። አብዱ ከጅቡቲ አምስት ጊዜ ደውሏል፤ አምስቱንም ጊዜ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «ሂክማ፣ ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ መገናኘት አልተቻለም ይላል።» እኔም አምስቱንም ጊዜ «እስቲ አጥፍተህ አብራው» አልኩት። ስድስተኛ ቢደውል ምን እንደምለው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢሜይል ሰርቨራችን እዚሁ እህል በረንዳ፣ ከአሠሪያችን ከሐጂ ሰይድ ጠረጴዛ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ኢሜይሉን በብራውዘር ከፍቶ ያነባል። ቢሮ ውስጥ ሲሆን ይከፈታል፣ ከውጭ ሲሆን አይከፈትም። እስከ ዛሬ ከውጭ የሞከረ ስላልነበረ ማንም አላወቀም። እኔም አላወቅኩም፤ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ከተቀጠርኩ ሁለት ወሬ ነው፣ ይህን ለማለት ያህል።

አብዱ ቦሎቄያችንን ሊያስጭን ነው ወደብ የሄደው። የጭነት ሰነዱ ረቂቅ በኢሜይል ይመጣለታል። እዚያ ካለው ዕቃ ጋር አስተያይቶ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት በድርጅቱ ኢሜይል «ትክክል ነው» ብሎ መመለስ አለበት። ዛሬ በስልክ ሳነብለት አንድ ኮንቴነር ዘለልኩ። ሐጂ ሰሙኝ። «ይሄማ አይሆንም፤ ልጁ በዓይኑ ይየው» አሉ።

የሞከርኩት፦
ከቢሮ ኮምፒውተር፦ ይከፈታል።
ከስልኬ በሞባይል ዳታ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ፦ አይከፈትም።
መስመር የሚሰጡን ሰዎች፦ «ከእኛ በኩል ሰላም ነው።»
ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፦ ቢሮው በሙሉ ጮኸብኝ፣ ሌላ ለውጥ የለም።

የቀረው ፋየርዎሉ ነው። ነገ እገባበታለሁ።

ስወጣ ሐጂን ከታች አገኘኋቸው። የጋሼ ወርቅነህ በርበሬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ አፍንጫቸውን በመሀረብ ይዘው፣ የጋሼን ልጅ ትዕግሥትን ያናግራሉ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሲሆኑ ሐጂ ያንን ደፍ አልፈው አያውቁም። በርበሬ ያስነጥሳቸዋል፤ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ጋሼ ወርቅነህ በዚህ ሲስቁባቸው ነው የኖሩት። አሁን ግን ጋሼ ልባቸውን ታመው ኮልፌ ቤታቸው ከተኙ አራት ወር ሊሞላቸው ነው። ሐኪሙ «መድኃኒታቸው እንዳይቋረጥ፣ ድንጋጤም አይንካቸው» ብሏል። ሐጂ በየቀኑ «እንዴት አደረ?» ይላሉ። ትዕግሥትም በየቀኑ «ይመስገን፣ ሱቁን በስልካቸው እያዩ ነው የሚውሉት» ትላለች።

ማክሰኞ

ተከፈተ! ተከፈተ!

እንዳልረሳው ልጻፈው። ፋየርዎል ማለት በር ላይ የቆመ፣ ዝርዝር የያዘ ዘበኛ ማለት ነው። በሮቹ ቁጥር አላቸው። ከውጭ አንድ ሰው ሲመጣ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። የእኛ ኢሜይል በር 443 ነው፤ ትእዛዙም ዘጠነኛ ላይ ተጽፏል፣ ምንም ስህተት የለበትም። አራተኛው ላይ ግን ያንኑ በር የሚመለከት ሌላ ትእዛዝ ተቀምጧል። ስም የለውም። መግለጫው ባዶ ነው። የመጣውን ሁሉ እኔ ወደማላውቀው አድራሻ ይልካል። የሙከራ ምልክት ልኬ አድራሻውን ባንኳኳው አይመልስም። የተጻፈው ከእኔ በፊት በነበረው ልጅ ነው፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ የይለፍ ቃል እንጂ አንድ መስመር ማስታወሻ አልተወልኝም።

ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የራሴ ሕግ አለ፦ መጀመሪያ ጠይቂ። ከዚያ አቁሚው። ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ ሰርዢ።

ሐጂ ለዙሁር ሶላት ወጥተዋል። አብዱ በስልክ ይጮሃል። ሰረዝኩት።

ደረጃው ላይ ቆሜ በስልኬ ሞከርኩ፤ የኢሜይሉ ገጽ ፏ ብሎ መጣ። አብዱ «ገባሁ! ገባሁ!» እያለ ጆሮዬን ሊያፈርሰው ነበር። ሐጂ ሲመለሱ «አላህ ይባርክሽ» ብለው ለቢሮው ሁሉ ሳምቡሳ አስመጡ። ሦስት በላሁ። ይገባኛል ብዬ ነው።

ረቡዕ

ትዕግሥት ዛሬ ወደ ቢሯችን ወጣች። የበርበሬው ሽታ አብሯት ስለገባ ሐጂ ገና ከሩቅ መሀረባቸውን አወጡ።

የሱቃቸው ካሜራ በአባቷ ስልክ አልከፈት ካለ አንድ ቀን ሆኖታል። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ነው የጠፋው። ጋሼ ወርቅነህ መጀመሪያ ስልኩን ሲነካኩ ቆዩ፣ ከዚያ ጠርተዋት «ሱቁ ተቃጠለ አይደል?» አሏት። «ኧረ አባዬ፣ ምንም አልሆነም» ብትላቸው «አጎትሽም ምንም አልሆነም ስትሉኝ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ዓመት ጎጃም ያለው ወንድማቸው ሲሞት፣ በዓሉ ይለፍ ተብሎ ሦስት ሳምንት ተደብቆባቸው ነበር። የሱቁን ፎቶ አንስታ ብታሳያቸው «የድሮ ነው» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ እየደወለ «ሱቁ ደህና ነው» ይላቸዋል። ሁሉም አንድ ቃል ሲናገር የባሰ ጠረጠሩ።

«ሂክሚዬ፣ ኔትወርክ ነገር ይሆን?» አለችኝ።

የሠራተኞቹን የይለፍ ቃል እየቀየርኩ ነበር። ቀና ሳልል «እኔ የካሜራ ሰው አይደለሁም፤ ለገጠመላችሁ ሰው ደውዪ» አልኳት። የሰውየው ስልክ ዝግ እንደሆነ ነገረችኝ። «እንግዲህ ሞክሪው» አልኳት። እንዲሁ ነው ያልኳት፤ አሳምሬ ልጽፈው አልችልም።

ሐጂ ሰምተዋል። «ነገ እኔ ራሴ ሄጄ አረጋጋዋለሁ» አሉ።

ሐሙስ

ሐጂ ቢሮ የገቡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንዲህ ዘግይተው ገብተው አያውቁም። ከወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ውኃ ጠየቁ።

ጠዋት ሱብሒ ሰግደው፣ ሱቅ ሳይከፈት ደርሰው ለመመለስ ብለው፣ ከበረንዳው ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሄዱ። የሰው ብዛት ያሳምናል ብለው ነው። አሳባቸው ደግ ነበር። ግን አስቡት፦ ገና ወገግ ሲል በር ይንኳኳል፣ ሲከፈት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ለጋሼ ወርቅነህ የወንድማቸው መርዶ የመጣው ልክ በዚህ ሰዓት፣ በዚሁ አኳኋን ነው።

ጋሼ ከአልጋቸው ሆነው አዩአቸውና «አትድከሙ፣ ገብቶኛል። የሞተ ሰው አለ?» አሉ።

ሐጂ ማሉ፣ ተገዘቱ። ሽማግሌዎቹም ማሉ። ትዕግሥት አጠገባቸው ቆማ አለቀሰች፤ እንባዋ ደግሞ ጭራሽ ነገሩን አጸናው። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የጠዋቱን መድኃኒት አልወስድም አሉ። «ለምኔ ነው?» አሉ። ሐጂ እስከ ቀትር ለምነው ለምነው አልሆነላቸውም።

«እኔው ነኝ ጥፋተኛው» አሉኝ። «ያንን ነገር ባልሰጠው ይሻል ነበር።»

«ምኑን ነው የሰጧቸው ሐጂ?»

«ኢንተርኔቱን ነዋ! የታመመ ሰሞን፣ ካንቺ በፊት የነበረውን ልጅ ጠርቼ፣ ከእኛ ቀጥልለት፣ እቤቱ ሆኖ ሱቁን ይይ አልኩት።»

«የትም አልተጻፈም እኮ» አልኳቸው።

«ምኑ ይጻፋል? ተናገርኩ አይደል?»

ወርጄ ጋሼ ሱቅ ውስጥ ከጆንያዎቹ ጀርባ ገባሁ። አንድ ግራጫ ኬብል በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ፣ በኖራ ተለቅልቆ፣ ወደ እኛ ይወጣል። በላዩ ላይ ሁለት ወር ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። አራተኛው ትእዛዝ እሱ ነው። ያንኳኳሁት፣ አልመልስ ያለኝ አድራሻ የጋሼ ወርቅነህ ካሜራ ነው፤ ለማንኳኳት እንዳይመልስ ተደርጎ ነው የተገጠመው። ሰኞ ትዕግሥት «በስልካቸው እያዩ» ስትል እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ በማን መስመር ብዬ አልጠየቅኩም። ትናንት ደግሞ በእግሯ መጥታልኝ መለስኳት።

ለሐጂ ነገርኳቸው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ሳልጠይቅ ሰረዝኩት» አልኩ። እሳቸውም «እንግዲያው መልሺው» አሉ።

መመለሱ ቀላል ነው። ለካሜራው ሌላ ቁጥር ያለው በር መስጠት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሳይጋፉ ይኖራሉ። ማክሰኞም ብጠይቅ ኖሮ ይሄንኑ ነበር የማደርገው። ግን የአብዱ መልስ ገና አልሄደም፤ ፋየርዎሉን ነክቼ ኢሜይሉ ቢዘጋስ? ሐጂ «አብዱ ይጨርስ» አሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አብዱ ላከ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በስልኬ ከፈትኩት፦ ጆንያዎቹ፣ ሚዛኑ፣ ትዕግሥት፣ ጥግ ላይ የእኛ ቢሮ ደረጃ ጭምር።

አዲሱ ቁጥር በጋሼ ስልክ ላይ በእጅ መግባት አለበት። ትዕግሥት እቤት ደወለች፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ አትቀስቅሱብን ተባለች። የማታውንም መድኃኒት ካልወሰዱስ? ፈርቻለሁ።

ዓርብ

ሆን ብዬ አራት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ብቻዬን። ቀይ ሻሽ አስሬ። ሽማግሌ የሚያስመስል ነገር እንዳይኖርብኝ።

የማታውንም የጠዋቱንም አልወሰዱም። ባለቤታቸው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ጋሼ ወርቅነህ ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን የጤነኛ ነው። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ? የመጨረሻዋ መርዶ ነጋሪ?» አሉኝ።

«ካሜራዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሌላ መግቢያ አላዘጋጀሁም ነበር። ዘበኛውን፣ ዝርዝሩን፣ ስም የሌለውን ትእዛዝ፣ ትዕግሥትን እንዴት እንደመለስኳት ሁሉንም ነገርኳቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ «ምንም የለም» ያላላቸው የመጀመሪያ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዞር ብለው አዩኝ።

ስልካቸውን ከትራሱ ሥር አውጥቼ ቁጥሩን አስገባሁ። ሱቁ መጣ። አፍጥጠው አዩ፣ አዩና «የተቀዳ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሰዓቱን አሳየኋቸው። «ሰዓት ይቀየራል» አሉ።

ምን ላድርግ? ትዕግሥት ጋ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩ፣ እጇን አወዛወዘች። «እሷ በየቀኑ ታወዛውዛለች» አሉ። ለእልህም ይሁን ለእውነት አላውቅም፣ ትንሽ አሰቡና «ሐጂ ሰይድ ይግባ» አሉ። «ገብቶ ከሦስተኛው ጆንያ በእጁ ይዝገን። ያንን የቀዳ ካሜራ በዓለም ላይ የለም።»

ትዕግሥት ስትጠራቸው በስልኩ ይሰማል። ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያ የሐጂ ጫማ ብቻ ታየ፣ ደፉ ላይ ቆሞ። ጋሼ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ጫማው ደፉን ተሻገረ። ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አጥልቀው፣ ያለ መሀረብ፣ ሰው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ እንደሚገባ እየተሳቡ ሦስተኛው ጆንያ ጋ ደረሱ። እጃቸውን ሰደዱ። ዘግነው ወደ ካሜራው ከፍ አደረጉ። «ወርቅነህ! ታየኛለህ?» ሊሉ ሲሉ «ወር» ላይ ማስነጠሱ ቀደማቸው። አንድ። ሁለት። በአራተኛው ቆባቸው ወደቀ። በስድስተኛው ሚዛኑን ተደገፉ።

ጋሼ ወርቅነህ ሳቁ። መጀመሪያ ያለ ድምፅ ነበር፣ ቀጥሎ አልጋው እስኪነቃነቅ። እንባቸው ወረደ። ባለቤታቸው ደንግጠው ሮጠው ገቡ።

«ያቺን ጆንያ ክፍቷን የተዋት ማነው? ሽታዋ ሳይጠፋ ትዘጋ እንጂ! ትዕግሥት!» ብለው ጮኹ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ባለቤታቸው ዘርግተው «አምጪው እስቲ» አሉ። ክኒኑን እኔው ፊት ዋጡ። ስወጣ ግን መልሰው ጠሩኝ። «ክፉም ቢሆን እንዳንቺ ንገሩኝ» አሉ። «ተኝቼ ብቻዬን ስገምት ነው የምታመመው።»

ሐጂ ለጁምዓ ሲሄዱም ያስነጥሱ ነበር አሉ።

ቅዳሜ

ከአንዱ በቀር በፋየርዎሉ ዝርዝር ላይ ላሉት ትእዛዞች ሁሉ ስም ጻፍኩ። ይሄ የአብዱና የሠራተኛው ኢሜይል። ይሄ የሐጂ ቤት። ይሄ የጋሼ ወርቅነህ ሱቅ፤ ማን እንዳዘዘ፣ ለማን፣ ለምን፣ ሳይጠየቅ አይነካም። አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ይሄን ሁሉ!» አሉ። ግን አልነቀሉትም።

ሰባተኛው ላይ ስም የሌለው አንድ ሌላ ትእዛዝ አለ። የሚሄድበት አድራሻ አይመልስም። ሐጂን ብጠይቃቸው አሰቡ፣ አሰቡ፣ «ለአንድ ሰው የሆነ ነገር ብዬ ነበር» አሉ። አልሰረዝኩትም። ኬብሉን ተከትዬ ግድግዳ ለግድግዳ ልሄድ ነው።

ጠዋት የሆነውንም ልጻፍ። የታክሲ ሰልፍ አቆይቶኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ደረጃ እንደረገጥኩ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሂክማ፣ ግማሽ ሰዓት አርፍደሻል» አለ የጋሼ ወርቅነህ ድምፅ።

ቀና ብዬ ካሜራውን አየሁት። «ክኒኑን ወስደዋል?» አልኳቸው።

«ድሮ። ይልቅ ቶሎ ውጪ፣ ሐጂ ከገባ ቆየ።»