ሠላሳ አንድ ዓሣ

ውድ እህቴ ሳጋሪካ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነም የምትደገፊው ነገር ፈልጊ። በታላቅ ኀዘን የማረዳሽ ነገር አለኝ። ባለፈው እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ አሥራ አንድ ዓመት በታማኝነት ያገለገለሽ፣ የረጅሙ ማዕበል መጋለቢያ ጣውላሽ የኋላ ክንፍ ከሥሩ ተቀንጥሶ ከዚህ ዓለም ተለየ። አስከሬኑ አልተገኘም። ጣውላው ራሱ ቆስሎ ተርፏል፤ አልጋ ሥር ተኝቷል። አስታማሚው እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ነፍስ ይማር በይ።

አልሳቅሽም። አውቅሻለሁ፣ "ማን ንካው አለህ?" እያልሽ ነው። እሺ፣ ከሥሩ ልጀምር።

ከዋና ከተማው የመጡ ሰዎች የረጅም ጣውላ ውድድር ቅዳሜና እሑድ በእኛ ሂሪዌላ ይደረግ አሉ። የእኛ ማዕበል ልክ እንደ ሙዳላሊ ጉናዳሳ ምክር ቀርፋፋና ረጅም ስለሆነ ለረጅም ጣውላ ይመቻል ተባለ። ሙዳላሊ የመረቡም የጀልባውም ጌታ ነውና ፈቃዱን ሲጠይቁት ሆዱን እያሻሸ፣ "ባሕሩ የመረቡ ነው። ፒያዳሳ ከቋጥኙ ላይ ዓሣ አይቶ ቀዩን ጨርቅ ካውለበለበ፣ ንጉሥም ቢሆን ከውኃው ይውጣ" አለ። ከዚያ ወደ ራሱ ፒያዳሳ፣ ወደ አባባ፣ ዞረ። "አንተም ብትሆን ዘንድሮ ሁለቴ ባዶ ውኃ አስከብበኸናል። ሦስተኛ ከደገምክ ቋጥኙ ላይ የሚወጣው የእህቴ ልጅ ነው።"

አባባ ፈገግ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት የዓሣውን መንጋ ጥላ ከዚያ ቋጥኝ ላይ እያየ መንደሩን ያበላ ሰው፣ ከዚያ ሲወርድ ምን እንደሚሆን አንቺም እኔም እናውቃለን። ደጃፍ ላይ የተረሳ ወንበር ይሆናል።

ድንኳንና ወንበር ከዕድሩ የተዋስኩት እኔ ነኝ። ያው የቀብሩ ድንኳን፣ ነጭ ዘርፉ ሳይነሣለት፣ ዳኞቹ ሥሩ ተደረደሩ። እትዬ ሶማዋቲ ስታልፍ ቀጥ አለች።

"ማን ሞተ?"

"ገና ነው እትዬ። ምዝገባው ክፍት ነው፣ ከፈለጉ።"

ምራቋን ትፍ አለች። "በቀብር ድንኳን ሥር የተሳቀ ሳቅ ባለቤቱን ይፈልጋል፤ ልብ በል" ብላኝ ሄደች። ያን ጊዜ ስቄአለሁ።

አሁን ደግሞ ልነግርሽ የማልፈልገውን ልንገርሽ። ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ቀልድ ሠርቼ ነበር። ደጃፋችን ላይ ያለውን የተቆረጠ የኮኮናት ግንድ ሸሚዜን አልብሼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼለት፣ ከማድቤቱ ጀርባ ተደበቅሁ። አባባ በማለዳ ወጣ።

"ዛሬ ደግሞ ቀደምከኝ! ታምመሃል እንዴ?" አለው ግንዱን።

አፌን ያዝኩ። ግንዱ አልመለሰም። "ተቆጣህ?" ብሎ ቀርቦ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። እጁ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

"የት ነህ?" አለ ቀስ ብሎ።

"እዚህ ነኝ፣ አባባ።"

"ለእህትህ እንዳትነግራት። ትመጣና እንደ አሮጌ ማሰሮ ተሸክማ ኮረብታ ላይ፣ ከምትሠራበት ሆስፒታል ታስቀምጠኛለች። የኔን አባት ለዓይኑ ወስደው፣ ጨርሶ አጥፍተው ነው የመለሱት። ማልልኝ።"

ማልኩለት።

ቅዳሜ ባሕሩ ደግ ነበር። ሲበዛ ደግ። ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ አንዲት ወፍ እንኳ ውኃው ላይ አላረፈችም። ከዌሊጋማ የመጣች ኢሻራ የምትባል ልጅ፣ ሱቅ እንደምትሄድ ሁሉ ጣውላዋ ላይ እየተራመደች የፊት ጫፉ ድረስ እየሄደች የዕለቱን ዙር አሸነፈች። እኔ በአንቺ ጣውላ ወጥቼ እንደ ሩዝ ጆንያ ወደቅሁ።

"የማነው ጣውላው?" አለችኝ።

"የእህቴ።"

"እሷን ጥራት በቃ። አንተ እኮ የምትነዳው በሬ ነው።"

አመሻሹ ላይ አባባ ከቋጥኙ ሲወርድ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ "የባሕሩ ቀለም እንዴት ነው?" አለኝ።

"ሰማያዊ ነዋ።"

"ሰማያዊ ሃያ ዓይነት ነው" አለ።

እሑድ፣ ከፍጻሜው በፊት፣ ጋላቢዎቹ ሁሉ ባሕር የወሰዳቸውን ለማስታወስ አብረው ይወጣሉ። ልማዳቸው ነው። ሠላሳ አንድ ሆነን ወሽመጡ መሐል ክብ ሠራን፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስም ጠራን። እኔ አጎታችንን ጠራሁ። ከዚያ ሁላችንም ውኃውን በመዳፋችን መታን። አረፋው ተነሣ። ጥቁር ጥቁር የሚል ብዙ ነገር ባንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲንቦጫረቅ፣ ከሩቅ ለሚያይ፣ ደግሞም አጥርቶ ለማያይ፣ ምን ሊመስል እንደሚችል ያሰበ አልነበረም።

ቀና ስል ቀዩ ጨርቅ ይውለበለባል።

የመንደራችንን ሕግ መቼም አትረሺም። ጨርቁ ከተነሣ ውኃውን የሚያይ የለም፤ ያየ እንደሆነ ዓሣው ይበተናል። ሁሉም ቋጥኙን ነው የሚያየው። የመረቡ ጀልባ ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን መጡ፤ መሪው ዓይኑን ከአባባ ጨርቅ አልነቀለም። ባሕር ዳር የነበረው ሕዝብ የሮቲ ቂጣውን እየጣለ የመረቡን ገመድ ያዘ። ከዳኞቹ እንኳ ሁለቱ ድንኳኑን ጥለው ሮጡ። የጉተታው ዘፈን ተጀመረ። እኛ እንጮሃለን፤ እነሱ የደስታ መሰላቸው፤ እየዘፈኑ ሳቡን።

መረቡ ዞሮ ዘጋን። ወዲያው ከኋላችን ባሕሩ ተነሣ። ቅዳሜን ሙሉ ያጠራቀመውን ማዕበል ባንዴ ላከው። የመጀመሪያው ሲያልፍ የኢሻራን እጅ አየሁ። ከዚያ እጇ ጠፋና ጣውላዋ ብቻ፣ እንደ መቃብር ምልክት፣ ውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጣውላውን ከቁርጭምጭሚቷ ጋር ያሰረው ገመድ መረቡ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ይዟት ነበር።

ጠለቅሁ። ምንም አይታይም። ለመጀመሪያ ጊዜ አባባ የሚያየውን አየሁ ልበልሽ። እግሯን በእጄ ዳስሼ አገኘሁትና ማሰሪያውን ፈታሁት። ያንቺ ጣውላ እኔን እየጎተተ መረቡ ላይ ተሰካ፤ ሁለተኛው ማዕበል ክንፉን ቀነጠሰው። ስንወጣ ኢሻራ ውኃ አስመለሰች፣ አስመለሰችና፣ "እናንተ ሰፈር እንግዳ የሚቀበሉት እንዲህ ነው?" አለች።

ባሕር ዳር ላይ ዘፈኑ ተቋረጠ። ሠላሳ አንድ ሰው ከመረብ ሲራገፍ አይተው ደረቁ። አባባ ከቋጥኙ እየወረደ ነበር፤ እያንዳንዱን እርከን በእግሩ ጣት እየፈለገ።

"ፒያዳሳ፣ ምን አይተህ ነው?" አለ ሙዳላሊ።

አባባ አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ "እኔ ነኝ!" አልኩ። "ክብ ስንሠራ ጨርቁን አውለብልብ፣ ለእንግዶቹ የመረብ ጉተታ እናሳያቸዋለን፣ ሙዳላሊም ፈቅዷል ብዬ ያታለልኩት እኔ ነኝ!"

የመቅደሱን ደወል ፍየል አንገት ላይ ያሰረ እንደኔ ያለ ልጅ ይህን ቢል የማያምነው ማን ነው? ሙዳላሊ በጥፊ አጮለኝ። ጥርሶቼ ቦታቸው ናቸው፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ያላመነችኝ ኢሻራ ብቻ ነች፤ የአባባን እግር ስታይ ነበር፤ ግን አልተናገረችም።

ቅጣቴ ተፈረደ፦ "ወቅቱ እስኪያልፍ ከአባትህ ጎን ቋጥኙ ላይ ትቀመጣለህ። ሥራ ምን እንደሆነ ትማራለህ!"

ወደ ቤት ስንሄድ አባባ፣ "ስንት ነበራችሁ?" አለኝ።

"ሠላሳ አንድ።"

"ብዙ ዓሣ መሰለኝ" አለ። ትንሽ ሄደና፣ "ደስ ብሎኝ ነበር እኮ" አለ።

አሁን በየቀኑ አብረን እንቀመጣለን። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። እኔ ግን ማዕበል እንጂ ዓሣ አላውቅም። ትናንት ከወሽመጡ በስተግራ አንድ ጥቁር ነገር ቀስ ብሎ ገባ። አባባ ጨርቁን ጨበጠ። "ይሄዳል ወይስ ይሰፋል?" አለ። ጨርቁን የጨበጠ እጁን ያዝኩት። የደመና ጥላ ይሁን ሌላ እስካሁን አላውቅም። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ የሚዋኙት እዚያው ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ነው፤ የዓይኑን ድካም ጆሮው ክሶታል። ባለፈው አዲስ ዓመት፣ እናንተ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሞራ በሃያ ደቂቃ ተገፎ ሰውየው በዚያው ቀን ሻዩን ጠጥቶ እንደሚሄድ ስትጎርሪ፣ ያንኮራፋሁት ላናድድሽ ነው። ሰምቻለሁ።

ከዓርቡ በፊት ነይ። ነገረኝ እንዳትይ። ጣውላዬን ሰብሮብኝ ልገርፈው መጣሁ በይ፤ ሁሉም ያምናል።

ከዚህ በቀር ሁላችን ደኅና ነን። ሲታይ ነገሩ ኢምንት ነው፦ አንድ ክንፍ፣ ሦስት ክንድ የተቀደደ መረብ፣ የሃያ ደቂቃ ሥራ።

መሐላውን ያፈረሰው ወንድምሽ፣
ዴሻን