ከመጋረጃው ሱቅ ሥር ያለው መንገድ

ውድ ዘለቀ፣

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ጄፒ ላይ፣ የሐበሻው ገበያ ውስጥ፣ መጋረጃ የምሸጥባት ሱቅ አንተ ወደ ውጭ መውጣት የምትችልባት መንገድ ነበረች። ከወለሏ ሥር የሲሚንቶ ተዳፋት መወጣጫ አለ፤ ከጓሮው መንገድ ተነስቶ ያለ ደረጃ እስከምንኖርበት ኮሪደር ድረስ ይወጣል። ሕንፃው ድሮ የሐኪሞች ስለነበር በሽተኛ በጋሪ ይገፋበት ነበር። አንተ በሕይወት ሳለህ አውቅ ነበር። ዝም አልኩህ።

ከከተማ ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ሰፈር በነበረው ሱቃችን ውስጥ በጥይት ተመትተህ፣ ሆስፒታሉ በዊልቸር ሲያሰናብትህ ያስጠጋን ጋሽ አለማየሁ ነው። ሕንፃውን ከባለቤቱ ጠቅልሎ ተከራይቶ ለእኛ ለሐበሾቹ በክፍል በክፍል የሚያከራየው እሱ ነው፤ የእድራችንም ሊቀመንበር ነው። "የሩሀማ እናት፣ ባል እያስታመምሽ ሩቅ መሄድ አትችይም፤ እዚሁ ጓሮ በር ላይ ቦታ አለኝ" ብሎ የጣውላ ወለልና የላሜራ ግድግዳ ያላትን ሱቅ ሰጠኝ። ጄፒ ውስጥ ሰው መቆም የሚችልበት ሁሉ ሱቅ ይሆናል፤ ደረጃ ሥር፣ ኮሪደር፣ መጸዳጃ ቤት የነበረ ሁሉ። ስለዚህ አልገረመኝም። መጋረጃ የምሰቅልበት ብረት ግን ለምን ሰያፍ ሆኖ ወደ ላይ እንደሚወጣ አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን መርፌ ወድቆብኝ ጣውላውን ባነሳ፣ የብረቱ እግር ሲሚንቶው ውስጥ ተተክሏል። የእጅ መደገፊያ ነበር።

የዚያን ዕለት ቤት ስገባ መስኮቱ ጋ ነበርክ። "እሺ፣ ጄፒ ምን ትላለች?" አልከኝ እንደ ሁልጊዜው።

"ያው ግፊያ ነው" አልኩህ።

ልነግርህ አስቤ ነበር። ሱቋ ከፈረሰች ምን እንበላለን? ያስጠጋን ሰው ቢቀየመንስ? የስደተኛ ወረቀታችን ደግሞ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ማን ነኝ ብዬ አቤት እላለሁ? የዚህ አገር ሕግ ወረቀት ላለው ሰው ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። ሱቅ ሲሰበር ዝም፣ ሰው ሲገደል ሬሳውን ወደ አገር ልከን ዝም።

መጀመሪያ ሰሞን የሕንፃችን ወጣቶች ተሸክመው በደረጃው ያወርዱህ ነበር። አንድ ቀን አንዱ፣ ገብርኤል፣ እግሩ ሸርተት ብሎት ከነዊልቸርህ ልትገለበጥ ስትል፣ ገበያተኛው ስልክ አውጥቶ ሲቀርጽህ አየህ። "ከእንግዲህ እንደ ጆንያ አትሸከሙኝ" አልክ። ከዚያ ወዲያ የክሊኒክ ቀጠሮ አለፈህ፣ ሌላውም አለፈህ፤ የጀርባህ ቁስል እስኪሸት ድረስ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ "መውጣት አይወድም" እል ነበር። ሩሀማ እስከ ዛሬ አባቷ ቤት መቀመጡን ራሱ የመረጠ ይመስላታል። ከእኔ ነው የሰማችው።

በመጨረሻ አራት ሰው ተሸክሞ በዚያው ደረጃ አወረደህ። ሣጥንህን። ያን ቀን የማንም እግር ሸርተት አላለም። እድሩ ሬሳህን እስከ አገርህ፣ እስከ ሆሳዕና ከተማ ሸኘ፤ ጋሽ አለማየሁም ኤርፖርት ቆሞ አለቀሰ።

ዛሬ የምጽፍልህ በራኒያ ምክንያት ነው። የጎረቤቶቻችን የባህሪያና የሻፊ ልጅ፣ እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ ያልታዘዙላት። አንተ ስትሞት እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች፤ አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ ከብዳለች። ባህሪያ አዝላት ደረጃ ስትወርድ ወድቃ ወገቧ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ራኒያ ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም። በኮሪደሩ ሳልፍ የዊልቸሯን ጎማ እየመታች "አንቲ፣ ታክሲዬን የመንገዱ ሮቦት ይዟታል፤ ግሪን መብራት አልበራላትም" ትለኝና ትስቃለች። ባለፈው ግን እኛ ቤት፣ አንተ ትቀመጥበት የነበረው መስኮት ጋ ሆና፣ ሳትስቅ፣ "አንቲ፣ አንኩል ዘለቀ እዚህ ነው አይደል የሞተው?" አለችኝ።

ባህሪያ ለልጇ መወጣጫ እንዲያሠራላት እንደ ደንባችን ወደ ጋሽ አለማየሁ ሽማግሌ ልካ ነበር። "ወላሂ፣ በላክኋቸው ቁጥር ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ" ትላለች። ያኔ ሩሀማ የእኛ ሰው የማያደርገውን አደረገች፤ ባህሪያን ይዛ፣ የተገለለ ሰው አቤት ወደሚልበት ወደ እኩልነት ፍርድ ቤት ሄደችና አመለከቱ። ጠበቃ አያስፈልግም፣ ክፍያም የለውም። ያተመችውን ሕግ ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። እንግሊዝኛ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ መሆኑን ታውቃለህ፤ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ተቀመጥኩበት። ማንም ሰው ማንንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ማግለል አይችልም፤ እንቅፋትን አለማንሳትም ማግለል ነው ይላል። "ወረቀት ያለው ሰው" የሚል ቃል ፈለግኩ። እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግኩ፣ ዘለቀ። የለም።

የሕንፃው ባለቤት ጠበቃ መልስ ሰጥቷል፤ ሕንፃው አሮጌ ነው፣ መወጣጫ ኖሮት አያውቅም፣ መሥሪያ ቦታም የለም ይላል። ጋሽ አለማየሁም እውነት ነው ብሎ ፈርሟል። ጉዳዩ ሰኞ ይታያል።

"ኤይሽ፣ ማሚ፣ ኤቪደንስ የለንም እኮ" አለችኝ ሩሀማ፣ እዚያው ሱቄ ውስጥ ጣውላው ላይ ቆማ።

ትናንት ጋሽ አለማየሁ መጣ። "የሩሀማ እናት፣ ልጅሽን ምከሪያት እንጂ። እኛ በሰው አገር ፍርድ ቤት እንካሰሳለን እንዴ?"

"ራኒያስ፣ ጋሼ?"

"እሷማ አላህ አላት። እኔ የማስበው አንቺን ነው። ይህች ሱቅ ብትነካ የት ትገቢያለሽ? ዘለቀን የሸኘነው እኛ ነን። ነገ አንቺንም የምንሸኝሽ እኛው ነን።"

ይህን ሲል ብረቱን፣ የእጅ መደገፊያውን ተደግፎ ነበር።

እንደሄደ በሩን ከውስጥ ዘግቼ ጣውላዎቹን ነቀልኩ። ሩሀማ ከሕጉ ጋር ያተመችው የሕንፃ ደንብ ለአንድ ክንድ ከፍታ ቢያንስ አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ይጠይቃል። በመጋረጃ ሜትሬ ለካሁት። ልክ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል። ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ቅርብ ነበርክ። አንድ ሰው ከኋላ ቢገፋህ ይበቃ ነበር።

ሱቋ ትሄዳለች፤ እድሩም ፊቱን ያዞርብኛል፤ ስሞት ማን እንደሚያነሳኝ አላውቅም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ምን ብዬ እለምናለሁ። ሰኞ ግን ዳኛው ፊት ቆሜ ስምህን እጠራለሁ፤ እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንደኖርክ፣ መውጫህም የት እንደነበረ እናገራለሁ።

ፍርድ ቤቱ አማርኛ አያነብም። ስለዚህ እነዚህን ገጾች መጀመሪያ የሚቀበለው፣ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሳቸው ሰው ነው። ነገ ጠዋት ከፎቶዎቹ ጋር በእጇ እሰጣታለሁ፤ ለልጅህ ለሩሀማ።

ዓለምወርቅ