ለአፓርታማ የሚመች ውሻ በመምረጤ የተሰጠኝን ምስጋና ስለ መመለስ

ይድረስ ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጉልበትዎስ ደኅና ነው? አሳንሰሩ ከቆመ ወዲህ እኛ አራተኛ ፎቅ ያለነው የሰው ጉልበት መጠየቅ ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ፣ ምድር ቤት የሚኖሩትን እርስዎን ስለ ጉልበት መጠየቅ ነገር ፍለጋ እንደሚመስል አውቃለሁ።

ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀታችሁ በቤቴ በር ሥር ገብቶ አግኝቼዋለሁ። ውሻችን «ድምፁ የማይሰማ፣ ለሌሎች አርአያ የሚሆን» መሆኑን ገልጻችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «ለአፓርታማ የሚመች፣ ተግባቢና በቀላሉ የሚሠለጥን ትንሽ ውሻ እንዴት እንደሚመረጥ» ለነዋሪው ማብራሪያ እንድሰጥ ጋብዛችሁኛል። ክብሩ ከአቅሜ በላይ ነው። ነገር ግን አባቴ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ሆስፒታል ስለተኛና አስታማሚው እኔ ስለሆንኩ፣ መገኘት አልችልም። ማብራሪያውን በዚሁ ደብዳቤ አቅርቤ፣ አንዱን ቅጂ ምድር ቤት ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጠኑ ላመስግናችሁ። ደንቡ «ቁመቱ ከጉልበት በታች» ስለሚል፣ ምክትልዎ ሜትር ይዘው መጥተው ቡችላውን ግድግዳ አስጠግተው ለክተውታል። ቡችላው እጃቸውን ሲልስ ፈገግ እንኳ አላሉም፤ ሥራ ላይ ነበሩ። እግረ መንገዳቸውን በዚያው ሜትር የሁለተኛ ፎቅ ደረጃን መደገፊያ ብረት ለክተውት ቢሆን፣ ግማሹ ተነቅሎ የለም ብለን ያመለከትነው እውነት መሆኑን ባዩ ነበር። ግን ሰው ሁሉን አይችልም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጠባዩ። አባቴ ዕድሜውን የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ጡረተኛ ነው፤ አሁን አንዳንድ ነገር ይጠፋበታል። ጠዋት ይነሳና «ተራዬ ደርሷል» ብሎ ወደ በሩ ይሄዳል። እኔ እቤት ልብስ እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬ ሲንጫጫ በር ቢከፈት አይሰማኝም። ውሻ ያስፈለገን ለጌጥ ሳይሆን፣ አባቴ ሲወጣ እንዲነግረኝ ነበር። ይህን ለኮሚቴው አልተናገርኩም። ጎረቤት «አባቷ ጃጅቶባታል» እንዲል አልፈለግኩም። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ውሻ አርቢ ዘንድ አባቴን ይዤው ሄድኩ። አንዱ ጥቁር ቡችላ ገና ከበር ሲያየን ጩኸቱን አቀለጠው። አባቴ ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። «ይሄ ነው ረዳት የሚሆነኝ፤ ረዳት ካልጮኸ መኪናው በምን ይሞላል?» አለ። እኔ ግን ደንባችሁን አስቤ፣ ጥግ ይዞ ዝም ያለውን ቡናማውን መረጥኩ። አርቢውም «ይሄ አንዴ የነገሩትን አይረሳም» አለኝ። አባቴ ቤት እስክንገባ ድረስ አላናገረኝም። ቢሆንም ልቡ አልቻለምና፣ ቡናማውን ራሱን «ረዳት» ብሎ ሰየመው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥልጠናው። ረዳት መጀመሪያ ላይ ሥራውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። አባቴ የበሩን እጀታ ሲነካ ይጮኻል፤ እኔም ስፌቴን ጥዬ እሮጣለሁ። ከዚያ ማስጠንቀቂያችሁ መጣ፤ ቀጥሎ ሌላ መጣ። ከሳሎንዎ የሚነሳው የኳስ ጩኸት እኛ ዘንድ ድረስ ስለሚደርስ፣ የውሻ ድምፅ ልክ ጎል ሲገባ ምን ያህል እንደሚረብሽዎ ለመገመት አልተቸገርኩም። «በሦስተኛው ውሻው ይወጣል» ስትሉኝ ዝምታን አስተማርኩት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ እኔ ግን እንዳይጮኽ እያበላሁ አሳደግኩት። ዝም ባለ ቁጥር ብስኩት ነበር። ብዙም አልፈጀበትም።

አራተኛ፣ ስለ ውጤቱ። ባለፈው ቅዳሜ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ረዳት መጥቶ ፊቴ ቁጭ አለና ትክ ብሎ አየኝ። ዝም ስላለ «ጎበዝ» ብዬ ብስኩት ሰጠሁት። ብስኩቱን መሬት ላይ ትቶት ወጣ። ተመልሶ መጣና እንደገና ቁጭ አለ። እኔም እንደገና «ጎበዝ» አልኩት። አባቴ ያን ጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ መደገፊያው በሌለበት ቦታ፣ በቤት ጫማው እንደወጣ ወድቆ ነበር። ያገኘው ለሥራ የመጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። «አንድ ትንሽ ውሻ አጠገባቸው ይመላለሳል፣ ግን አይጮኽም፤ ዲዳ ነው እንዴ?» አለኝ።

መደገፊያው በማግስቱ ተበይዷል፤ ፍጥነታችሁ ያስመሰግናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ በእኛ ሕንጻ ግን ውሻው ያኔም ስላልጮኸ ተረቱ አይመለከተንም።

ክቡር ሆይ፣ እናንተን ብቻ ወቅሼ እፎይ ብል እንዴት ደስ ባለኝ። እናንተ የላካችሁት ወረቀት ነው፤ ብስኩቱን የሰጠው የእኔ እጅ ነው። «ይህ ውሻ ለምን ይጮኻል?» ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም፣ እኔም አልነገርኳችሁም። ከአባቴ መውደቅ ይልቅ የእናንተን ፊት ፈራሁ። አፍሬበታለሁ፤ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍም ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።

ስለዚህ የምስጋና ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። አባቴ በቅርቡ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሐኪሙ ብቻውን ከአልጋ ከተነሳ ዳግመኛ ይሰበራል ብሎኛል፣ እኔም ስፌቴን ትቼ ልጠብቀው አልችልም። በመሆኑም ረዳትን መጮኽ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ሰሞኑን ከእኛ ቤት የሚሰማው ጩኸት የእኔ ነው፤ በእጄና በጉልበቴ ቆሜ አሳየዋለሁ፣ እሱ ግን አፉን ከፈት ያደርግና መልሶ ይገጥመዋል። ደንቡ ስለ ልብስ ሰፊ ጩኸት የሚለው ስለሌለ በደሉን እንደሚታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የሰመረለት ቀን ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ይላኩልኝ፤ ውሻው ይውጣ ካላችሁ ሦስታችንም አብረን እንወጣለን።

ጤናዎን የተሟላ፣ እንቅልፍዎን ያልተቋረጠ፣ የሚደግፉትንም ቡድን ባለድል ያድርግልዎ እያልኩ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

የአራተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለምክትል ሰብሳቢው፣ ከነሜትራቸው
ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ከምስጋና ጋር (ይኸኛው ምስጋና የእውነት ነው)

ማስታወሻ፦ ምክትልዎ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «በዚህ አጭር ጊዜ እንዴት አድርገሽ ጸጥ አሰኘሽው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ቀላል ነው ይበሉልኝ። የሚወድዎትን ይፈልጉ፤ አንድ ነገር ሊነግርዎ አፉን በከፈተ ቁጥር ጀርባዎን ይስጡት። ለሰውም ይሠራል። ሐኪሙ አባቴን «የት ጋ ያምዎታል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ከመመለሱ በፊት ቀና ብሎ ያየው የእኔን ፊት ነበር።