የወረቀቱ ጥግ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ቢሮ ዋልኩ። ማኅተም፣ ፋይል፣ ማኅተም... ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠራችኝ። ከተማው ሠዓሊዎቹንና የሥዕል አስተማሪዎቹን ሊያመሰግን ነው። "አንድ ሰው ጠቁሚ።" አፌ ቀደመኝ፤ "ጋሼ!" ሠላሳ ዓመት ሥዕል ያስተማሩን። እዚህ ከተማ እርሳስ አያያዝ የሚያውቅ ሁሉ የሳቸው ተማሪ ነው። እኔም ነበርኩ... ነበርኩ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ከምስጋናው ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ። ተመስጋኙ በእጁ የሠራቸውን አሥር ሥዕሎች እስከ 14 ያቅርብ፤ ያላቀረበ ይሰረዛል። ምን ችግር አለው? ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ጣሳ ሙሉ የተቀረጸ እርሳስ። ግድግዳው ግን ባዶ። አንድ ሥዕል እንኳ!

"የርስዎ ሥራ የት አለ ጋሼ?"

"ያን ሁሉ ልጅ ሳስተምር... መቼ ልሣል?" ሳቁ። "ተይው፣ ለሚገባው ይስጡት።"

ከሳቸው በላይ የሚገባው ማን ነው?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አለቃዬ፦ "ሥዕል የሌለው ሠዓሊ! ኮሚቴውን ምን ልበለው?"

የካቲት 9፣ እሑድ

እህቴ ቤት። ሳሎኗ ውስጥ የተማሪነት ሥዕሏ ተሰቅሏል፤ ጠማማ የሻይ ማንቆርቆሪያ። ስንት ዓመት ስስቅባት ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ታችኛው ጥግ ላይ ዓይኔ አረፈ። አውራ ጣት የምታህል እጀታ፣ በእርሳስ። የጋሼ እጅ! ረስቼው... "በሰው ሥራ ላይ እጄን አላሳርፍም" ይሉ ነበር። ስንሳሳት ጥጉ ላይ በትንሹ ሠርተው ያሳዩናል፤ አጥፍተን የምናርመው ራሳችን ነን።

"ማንቆርቆሪያው ለወጉ ነው" አለች እህቴ። "የሰቀልኩት ለዚያች እጀታ ብዬ ነው።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሥሉ ነው የኖሩት። በኛ ወረቀት ላይ!

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የድሮ ተማሪዎቻቸውን ፍለጋ እግሬ እስኪነቃ ዞርኩ። ዳቦ ጋጋሪው ሥዕሉን ዱቄት እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ነርሷ ሥዕሏ ጥግ ላይ የተኛ ሕፃን ሽፋሽፍት አላት፤ አሳይታኝ ልትመልሰው ነበር፣ ለምኜ ወሰድኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር... እስካሁን ሃምሳ አንድ።

ሃምሳ ሁለተኛው ከሳጥኔ ሥር ወጣ። የእናቴ እጆች። በአሥራ አምስት ዓመቴ ለውድድር ያቀረብኩት። ጥጉ የለም። በመቀስ ቆርጬ ጥዬዋለሁ፤ ዳኞቹ "ታግዛለች" እንዳይሉኝ። አንደኛ ወጣሁ። ጋሼ አዩትና "በርቺ" ብቻ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ክፍላቸው ልግባ ብል እግሬ እምቢ አለ። እርሳስም አልያዝኩም።

ልጨምረው? ልተወው?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ወረቀቶቹን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ጥግ ጥጉን አንድ በአንድ አየች። "አሥር ነበር እኮ የተባለው!" ስልኩን አንስታ ኮሚቴውን ራሷ አሳመነች። የኔንም ጨምሬዋለሁ። እንደፈለገ ይሁን።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የምስጋናው ቀን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ሁሉ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ጥግ ጥጉን ያያል፤ ጋሼ ግን የተማሪዎቹን ሥራ ነው የሚያዩት። "ይቺን እጀታ አራቴ አጥፍታታለች።" "እሱ ጣት መሣል ጠልቶ ጓንት አለበሰው!" አንዱንም አልረሱም። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

የኔ ጋ ደረሱ። ቆሙ።

"ጥጉን... እኔ ነኝ የቆረጥኩት ጋሼ። አፍሬ።"

"አውቃለሁ። የእናትሽን አውራ ጣት ነበር የሠራሁልሽ። ያንቺው በልጦኝ ቁጭ አለ! ስትቆርጪው እንደውም ደስ አለኝ፤ ከዚህ ወዲያ አላስፈልጋትም ብዬ። የከፋኝ መጥፋትሽ ነው። ምነው ልጄ?"

ሰው ፊት አለቀስኩ። ሃያ ዓመት በከንቱ!

"ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሌ ክፍት ነው" አሉኝ፣ መሐረባቸውን እየሰጡኝ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። የጋሼ ዓይን ደክሟል፤ የኋላውን ረድፍ ለኔ ሰጡኝ። እዚያ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉ። የገዛ መቀሳቸውን እየሣሉ፣ መገጣጠሚያው እምቢ ብሏቸው ያማርራሉ። እጄ መስመራቸውን ላቅና ብሎ በላኝ። ያዝኩት። ጥጉ ላይ፣ አውራ ጣት በምታህል ቦታ፣ መገጣጠሚያውን ሠርቼ አሳየኋቸው። ወጣልኝ።

አጠፉ። ሠሩ። ደግመው አጠፉ። በመጨረሻ ቀና ብለው ወረቀቱን ከሩቅ አዩት።

"ለልጆቼ ላሳየው ነው። ይቺን ያንቺን ጥግ ብቆርጣት ይከፋሻል ልጄ?"

መቀሱን አንስቼ አቀበልኳቸው።